ፖለቲካ እንጀራው የሆነ ሰው ጥሩ መሪ ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር ሰሞኑን ተኳርፈናል ማለት ይቻላል፣ ቡና ላይ በተነሳ ወሬ። እሱ የሚለው፣ ዲሞክራሲ አለ በሚባልበት አገር እንኳ ዕድሜ ልኩን ፖለቲካ ላይ የኖረ ሰው መምራት የለበትም፣ ሌላ ስራ ሰርቶ አያውቅም፣ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ አያውቅም፣ ሀኪም ወይ ነጋዴ ወይ ኢንጂነር ይምራ ነው። እኔ የቅሬያችንን (የእድራችንን) ሰብሳቢ አነሳሁበት፣ ሰውየው እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ እሱ ነው፣ ማንም ውረድ ብሎት አያውቅም፣ ልምድ ነዋ! እሱ ግን "ቅሬና መንግስት አንድ ነው እንዴ" ብሎ ሳቀብኝ። እስኪ ፍረዱን።
ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ወዳንተ አደላለሁ፣ ግን ባነሳኸው ምክንያት አይደለም። የቅሬው ሰብሳቢ እስከዛሬ የቆየው ልምድ ስላለው ብቻ ይመስልሃል? ስብሰባ በመጣ ቁጥር መዝገቡ ሰው ፊት ይነበባል፣ ድንኳኑ ድስቱ አግዳሚው ይቆጠራል፣ አንድ ብርጭቆ ከጎደለ ማን ጋ ቀረ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን አርፍዶ ከደረሰማ ሬሳው ሳይወጣ ነው ማጉረምረም የሚጀመረው። ሰውየው በፈለጋችሁ ቀን ይወርዳል፣ ያልወረደው ስላልፈለጋችሁ ነው። ጎረቤትህ ቅሬና መንግስት አንድ አይደለም ሲል ልክ ነው፣ ልዩነቱ ግን ስፋቱ ላይ ሳይሆን ማውረጃው ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትህ ልዙር። እሱ ፖለቲከኛ ሲባል የሚታየው እኛ የምናውቀው ሰው ነው፣ ዘንድሮ ግብርና ጽህፈት ቤት፣ ለከርሞ ጤና፣ ቀጥሎ ንግድ፣ አንዱን ሲያበላሽ ተነስቶ ሌላ ወረዳ የሚመደብ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው ለዚህ ሰው ነው። ግን እሱን ፖለቲካ ሙያው ነው ለማለት ይከብደኛል፣ አንድም ቀን ህዝብ ፊት ቆሞ "አንተን አንፈልግም" ተብሎ አያውቅማ፣ የሚፈራው የመደበውን አለቃ ነው። በምርጫ የሚኖር ፖለቲከኛ ስራው ሌላ ነው፣ የማይወደውን ሰው ማሳመን፣ ድምፅ መቁጠር፣ ተሸንፎ ቤቱ መግባት፣ ደግሞ ተመልሶ መምጣት፣ ይሄ በአንድ ጀንበር የሚለመድ ነገር አይደለም።

የአሜሪካውን ሊንደን ጆንሰንን ውሰድ። በወጣትነቱ ትንሽ አስተምሯል እንጂ ዕድሜው ያለቀው ፖለቲካ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ 1937 ኮንግረስ ገባ፣ በ1949 ሴኔት፣ እዛም የፓርቲው መሪ ሆነ። ፕሬዝዳንት ከሆነ በኋላ በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ህግ ሴኔት ሲደርስ የገዛ ፓርቲው የደቡብ ሰዎች ንግግር እያስረዘሙ ከሁለት ወር በላይ አንቀው ያዙት። ንግግሩን ለማስቆም ሁለት ሶስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ ጆንሰን ደግሞ ያን ቤት ከውስጥ ያውቀዋል፣ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን ክብር ሲሰጠው እንደሚለዝብ፣ የተቃዋሚውን ፓርቲ መሪ አባብለው አስገቡትና 71 ለ 29 ተዘጋ፣ ህጉም አለፈ። ጎበዝ ሀኪም ቢሆን ይሄን ይሰራው ነበር? እኔ አይመስለኝም። ያው ሰውዬ ግን ቬትናም ላይ ጦርነቱን አስፍቶ አስፍቶ በ1968 ድጋሚ አልወዳደርም ብሎ ወጣ፣ ስለዚህ ልምድ ከጥፋት ያድናል እያልኩህ አይደለም።

ጎረቤትህ ሜርክልን ያነሳብህ ይሆናል፣ ሳይንቲስት ነበረች ብሎ። እውነት ነው፣ በኳንተም ኬሚስትሪ ዶክትሬት አላት፣ ግን ከላብራቶሪ ተነስታ ቀጥ ብላ ጀርመንን አልመራችም እኮ፣ በ1990 ፓርላማ ገብታ ሚኒስትር ሆና፣ ፓርቲዋን መርታ፣ በ2005 ነው መራሂተ መንግስት የሆነችው፣ 15 ዓመት ሙያውን ተምራለች ማለት ነው። ሳይማር ቀጥ ብሎ የገባውን ከፈለገ ፔሩ አለለት፣ አልቤርቶ ፉጂሞሪ የግብርና ሳይንስ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ሬክተር፣ ትራክተር ላይ ወጥቶ እየቀሰቀሰ በ1990 ተመረጠ፣ ህዝቡ "ከነዚያ ሌቦች የተለየ" ብሎ ነው የመረጠው። ምክር ቤቱ አስቸገረኝ ብሎ በሚያዝያ 1992 በታንክ ዘጋው። መደራደር ለማያውቅ ሰው ፓርላማ ማለት መንገድ የዘጋ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ነጋዴ ይምራን የሚለው ላይም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝ ለምክር ቤት አባላቷ ቋሚ ደሞዝ መክፈል የጀመረችው በ1911 ነው፣ በዓመት 400 ፓውንድ። ከዛ በፊት ማን ይገባ ነበር? ባለርስቱ፣ ባለሀብቱ፣ ሳይሰራ የሚበላው። ሰራተኛው ቢመረጥ ማን ልጆቹን ያበላለታል፣ ወይ ማህበሩ መደጎም አለበት። ፖለቲካ እንጀራ አይሁን ካልን የስፌት መኪናውን ዘግቶ የሚመጣ ሰው አይኖርም፣ ጎረቤትህ ራሱን ነው የሚያስወጣው።

የሲሚንቶውን ነገር ግን እሰጠዋለሁ። ከተማሪ ማህበር ወደ ፓርቲ ቢሮ፣ ከፓርቲ ቢሮ ወደ ምክር ቤት የገባ ሰው የገበያ ዋጋ የሚያየው ሪፖርት ላይ ነው። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሐይቅ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የ66ንም የ77ንም ረሃብ አይቻለሁ። በመጀመሪያው የመሩን መኳንንት ነበሩ፣ በሁለተኛው ወታደሮች፣ አንዳቸውም ፖለቲካን ሙያ ብለው የያዙ አልነበሩም፣ ወሎ ግን በሁለቱም አለቀ። ታዲያ ዛሬ ወጣቶቹ ፖለቲከኛን ብቻ ሲራገሙ ትንሽ አልበዛም? ምን ይላሉ?
ከሐይቅ

መልስ፦ መምህር፣ ከኔ በላይ እርስዎ ስላዩት ለመናገርም አፍራለሁ፣ ግን ጥያቄዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። አማርትያ ሴን የሚባለው ህንዳዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ፣ በፈረንጆቹ 1998 ኖቤል ያገኘው፣ ያንኑ የ65-66ቱን የወሎ ረሃብ አጥንቶታል። ያገኘው ነገር የሚያናድድ ነው፣ በ65 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ማሳው ደርቆበት፣ የቆላው አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበትና ዋጋው ወድቆበት መግዣ አጣ እንጂ። እህል የጫነ መኪና የሚያልፍበት አስፋልት ዳር ሰው ተኝቶ ነበር፣ ይሄን እርስዎ ያውቁታል። በሚያዝያ 65 ከዩኒቨርሲቲው የመጡ መምህራን ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ እስኪያሳዩ ድረስም መንግስት እንዳላየ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ህንድ ማሃራሽትራ የሚባለው ግዛት ከባድ ድርቅ መታው። እዛ ያሉት መሪዎች ዕድሜያቸውን ፖለቲካ ላይ የጨረሱ፣ የሚነታረኩ፣ በሙስናም የሚታሙ ሰዎች ናቸው፣ ማንም ቅዱስ አላላቸውም። ግን ጋዜጣው ይጽፍባቸዋል፣ ተቃዋሚው ምክር ቤት ውስጥ ይጮህባቸዋል፣ ምርጫ ደግሞ ይመጣል። ስለዚህ የመንገድና የውሃ ማቆሪያ ስራ ከፍተው ለሚሊዮኖች የቀን ደሞዝ ከፈሉ። ችግሩ አልቀረም፣ እንደ ወሎ ያለ እልቂት ግን አልሆነም። ሰዎቹ ከኛ መኳንንት በልባቸው የተሻሉ ስለነበሩ አይመስለኝም፣ ወንበራቸው ስለሚያሳሳቸው ነው፣ ወንበሩን የሚሰጠው ደግሞ የተራበው ሰው ነበር።

77 ላይ የተገላቢጦሹን አይተናል። ወታደሮቹ እኮ ሲመጡ "እኛ ፖለቲከኛ አይደለንም" የሚመስል ነገር ነበራቸው፣ የወሎንም ረሃብ ተደበቀ ብለው ንጉሱን ከሰሱበት፣ በአስረኛ ዓመታቸው መስከረም 1977 አዲስ አበባን አሸብርቀው አብዮት በዓል ሲያከብሩ ወሎ ውስጥ ሰው እየረገፈ ነበር። ማን ይጠይቃቸዋል? ስለዚህ መምህር፣ እርግማኑ በዝቷል ካሉኝ አዎ በዝቷል፣ አቅጣጫውም ስቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሁለት ዙር በላይ አትመረጥም ተብሎ በህግ ቢገደብ አይቀልም?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ ወንበሩ ነው። የኛ ህገ መንግስት ፕሬዝዳንቱን ስድስት ስድስት ዓመት ሁለት ዙር ብሎ ይገድባል፣ ዋናው ስልጣን ያለውን ጠቅላይ ሚኒስትር ግን አይገድብም፣ ይሄ ሁሌም ግራ ይገባኛል፣ በሩን ክፍት ትቶ መስኮቱን መቆለፍ። ለምክር ቤት አባል ከሆነ ግን ሜክሲኮን ተመልከቺ፣ በፈረንጆቹ ከ1933 ጀምሮ አንድ ተወካይ በተከታታይ መመረጥ አይችልም ነበር፣ የተፈቀደው በ2014 በተደረገ ማሻሻያ ነው። የሆነው ምንድነው፣ መራጩ ድጋሚ ስለማይመርጠው ተወካዩ መራጩን ረሳው፣ ቀጣዩን ስራ የሚሰጡት የገዢው ፓርቲ አለቆችና ፕሬዝዳንቱ ስለሆኑ ወደነሱ አጎነበሰ፣ ያው ፓርቲ እስከ 2000 ገዛ። የኛ ህገ መንግስት አንቀጽ 54 ደግሞ መራጩ አመኔታ ካጣበት ተወካዩን ማንሳት እንደሚችል ይላል፣ አምስት ዓመት ሳይጠበቅ ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ገደቡን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አደርገዋለሁ፣ የምክር ቤቱን አባል ግን መራጩ በፈለገ ቁጥር እንዲመልሰው እተወዋለሁ፣ ሃያ ዓመትም ቢሆን።