ጥፍር ሰሌዳ ላይ ሲፋቅ ለምን ይሰቀጥጠናል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ተማሪ ጥፍሩን ሰሌዳው ላይ ሲጎትት ወይም ጠመኔው ሲጢጥ ሲል ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል፤ የክንዴ ፀጉር ይቆማል፣ ጥርሴ ይጠርሳል። ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ ሆን ብለው ያደርጉታል። የነርቭ ሕመም ይሆን? አሁን ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ማስተማር ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ሕመም አይደለም፤ ጤነኛ ጆሮ ያለው አብዛኛው ሰው የሚሰማው ነው። ጥጡን ግን ዛሬውኑ ያውጡት፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሰቀጥጠው የድምፁ ቅጥነት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባለ ሦስት ጣት የአትክልት መሣሪያ ሰሌዳ ላይ እየፋቁ ድምፁን ቀዱ። በጣም ቀጭኑን ክፍል ቆርጠው ቢያወጡትም አስከፊነቱ አልቀነሰም። ኋላ የመጡ ጥናቶች ችግሩ በግምት ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ ንዝረት) ባለው ድምፅ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። የጆሯችን ቦይ በቅርጹ ምክንያት አብልጦ የሚያጎላው ደግሞ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ13 ሰዎችን አእምሮ ኤምአርአይ በተባለው የምርመራ መሣሪያ ተመለከቱ። እንዲህ ያለው ድምፅ ሲሰማ፣ ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላ የተባለው ክፍል ይነቃና የመስሚያውን ክፍል ይበልጥ ያነሣሣዋል። ከቀረቡት ድምፆች ሁሉ የከፋው ጠርሙስ ላይ የሚጎተት ቢላዋ ነበር፤ ጠመኔ ሦስተኛ፣ ጥፍር አምስተኛ ወጣ።

እርስዎን ይበልጥ የሚያጽናናዎት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው ሙከራ ይመስለኛል። ድምፁ የዘመናዊ ሙዚቃ ክፍል ነው የተባሉት ሰዎች፣ እውነቱ ከተነገራቸው ይልቅ አስከፊነቱን ዝቅ አድርገው ገመቱት፤ በላብ ለውጥ የሚታወቀው የቆዳቸው ምላሽ ግን ያው ነበር። ሰውነት ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሰቀጠጣል። ስለዚህ ራስዎን ደካማ አድርገው አይቁጠሩ፤ ለተማሪዎችዎም ይህንኑ በግልጽ ቢያስረዷቸው መልካም ነው።

ወደ ጥጡ ልመለስ። ጆሮ ቀኑን ሙሉ ሲደፈን አእምሮ የቀረበትን ድምፅ ፍለጋ ራሱን ያጎላል፤ ድምፅ እንዳነሰው ሬዲዮ ከፍ ከፍ ያደርገዋል። ሲያወጡት ተራው ድምፅ ሁሉ ይበረታብዎታል። ከዚህ ይልቅ ጠመኔውን ያስተካክሉ፦ አዲስ ረጅም ጠመኔ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ሰሌዳውን እየያዘ እየለቀቀ ስለሚንቀጠቀጥ ይጮኻል። ለሁለት ይስበሩት፣ ጋደም አድርገው ይጻፉ።

የሳህን መጋጨት ወይም የሰው ንግግር ጆሮዎን የሚያሳምም፣ ሰው ሲያላምጥ መስማት የማይገታ ቁጣ የሚቀሰቅስብዎት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለሁለቱም የሚረዳ ሕክምና ስላለ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጆሮዎ የሚጮኽብዎት፣ መስማት የቀነሰብዎት፣ የሚያዞርዎት ወይም ድምፅ አልችል ማለት የጀመሩት ጭንቅላትዎን ከተመቱ በኋላ ከሆነ ቀጠሮውን አያቆዩት። መስማት በድንገት ከቀነሰ ወይም ፊትዎ በአንድ ወገን ከተጣመመ ግን በዚያው ቀን ይታዩ።