መልስ፦ ለዶሮ ወጥ የቱ ወይን ይሻላል? ሻምፓኙስ?

ለዶሮ ወጡ አካሺያ የሚባለውን ቀይ ወይን ግዢ፤ ግን "ሚዲየም ስዊት" (መካከለኛ ጣፋጭ) የሚለውን። ደረቁ፣ ማለትም የማይጣፍጠው፣ ቀይ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይመራል፣ ማቃጠሉንም ያባብሳል። ከማቅረብሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ይግባ።

በጀቱ ከጠበበ አክሱሚት አለልሽ። ጣፋጭ ነው፤ ወይን ብዙም የማይቀምሱ አማቶች እሱን ነው የሚጨርሱት። ጉደርን ለጥብስ አቆዪው።

ነጭ ከፈለግሽ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ። ደረቅ ነው፤ ከአልጫና ከዓሣ ጋር እንጂ ከቀዩ ወጥ ጋር አይሄድም።

"ሻምፓኝ ውድ ሆነብኝ" ላልሽው፣ ሻምፓኝ የሚባለው ፈረንሳይ ሻምፓኝ ከሚባለው አካባቢ የመጣው ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከስሙ ጋር ነው። የስፔኑን ካቫ ጠይቂ። እሱም ልክ እንደ ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ፈልቶ ነው አረፋ የሚያወጣው። የጣሊያኑ ፕሮሴኮ በትልቅ ጋን ነው የሚፈላው፤ ቀለል ይላል፣ ለመጠጣት ግን አያስቸግርም። ምልክቱን አንብቢ፦ "ብሩት" ደረቅ ነው፣ "ዴሚ ሴክ" ጣፋጭ። "ኤክስትራ ድራይ" የሚለው ደግሞ ስሙ ያሳስታል፤ ከብሩት ይበልጥ ይጣፍጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፒያሳም ሆነ ቸርችል ጎዳና ስትገዢ የሱቁ መስታወት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ አትቀበይ፤ ባለሱቁን "ከካርቶን አውጣልኝ" በይው። ቡሹ ወደ ላይ ገፋ ያለ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰ ወይን ያደረቀበት ከሆነ መልሺው፤ ሙቀት አግኝቶታል። እኔ እንዲህ ያለውን ሁለቴ ከፍቼ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሲል አግኝቼዋለሁ፤ ባለሱቁ ደግሞ የተከፈተ አይቀይርም።