የኤሌክትሪክ ሞተሬ ኩሽኔታ ላይ ግራሶ ጨመርኩበት፤ አሮጌውም አዲሱም ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ግራሶው ቀጥኖ ከኩሽኔታው ለምን ፈሰሰ?

ቀድሞ በነበረው ፖሊዩሪያ ግራሶ ላይ ሊቲየም ግራሶ ደርበህበታል፤ ቀጥኖ የፈሰሰው ለዚህ ነው። ዘይቱን የሚይዘው ማወፈሪያቸው ስለሚለያይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። «ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው» ያልከው አያዋጣም፤ ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፣ ዓይነቱን አይነግርህም።

አሁን ሌላ አትጨምርበት።

1. ኩሽኔታውን አውጥተህ አሮጌውን ጥረግ፣ በነጭ ጋዝ እጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። በኮምፕሬሰር አየር የምታደርቀው ከሆነ እንዳይሽከረከር በእጅህ ያዘው።

2. አንዱን ብቻ ምረጥ። ለኤሌክትሪክ ሞተር እኔ ፖሊዩሪያውን እመርጣለሁ፤ ውፍረቱ ቁጥር 2 (ዕቃው ላይ «NLGI 2» የሚለው) ይሁን።

3. በኳሶቹ መካከል በጣትህ እየጫንክ አስገባ። በዙሪያው ካለው ባዶ ቦታ ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ሙላ።

ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁሩን ግራሶ እዚህ አታግባው። እሱ ቀስ ብሎ ለሚንቀሳቀስና ከባድ ጭነት ለሚሸከም ፒንና ቡሺንግ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ እኔ አንዴ «ይብዛለት» ብዬ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የኩሽኔታው ቤት እጅ አላስነካ አለ። ሲበዛ ኳሶቹ ግራሶውን ሲንጡት ይውላሉ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።