የእህቴን ልጅ ከልጆቼ ጋር ላኑራት?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የ2 ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር የ14 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ከሐረር ወዲያ ካለ የገጠር መንደር አምጥቻታለሁ። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ቡና ስትቆላ ጥሏት ግራ እጇ እሳቱ ላይ የቆየው፣ አጠገቧ የነበሩት ሰዎች የአፏ አረፋ ከነካን ይጋባብናል ብለው ስለፈሩ ነው። ጣቶቿ ዛሬም አይዘረጉም። በዚያች መንደር ሌሎች 3 ሕሙማን አሉ፤ በእኔ ሰፈር ግን አንድም አላውቅም። ባለቤቴ ለልጆቻችን ይሰጋል። በሽታው ለምን በገጠር ይበዛል? ከልጆቼ ጋርስ ላኑራት?

መልስ

ውድ እህቴ፣ ያኑሯት። የሚጥል በሽታ በአረፋም ሆነ በትንፋሽ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም፤ ይህን ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

በዓለም ላይ ካሉት 50 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን 80 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ያደረጉት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። ምጥ ሲረዝም የሚታፈን ሕፃን፣ ሳይታከም የሚቆይ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የሚወጣ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፤ እነዚህ ሁሉ በሽታውን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ጤና ጣቢያ በራቀበት ሥፍራም ይበረታሉ። ሆኖም በሰፈርዎ አንድም አለማወቅዎ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ክኒኑን በሰዓቱ የሚውጥ ጎረቤት በሰው ፊት ላይወድቅ ይችላል፣ ሌላውን ደግሞ ቤተሰቡ ይደብቀዋል። በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል የተባለ የዚህ በሽታ መድኃኒትም ርካሽ ነው። በደሃ አገሮች ግን ከ4 ሕሙማን 3ቱ ያህል ሕክምና አያገኙም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ልጅቷን ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ጠበል ብትሄድም፣ ለወራት ሳይጥላት ብትቆይም፣ የታዘዘላት መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ መቋረጥ የለበትም። ሲጥላት ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርገው በጎኗ ያስተኟት፤ ክብሪት አያሽቷት፣ በአፏም ምንም አይክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ያድርሷት። ሕመሙ እስኪረጋ ድረስ ብቻዋን እሳት አጠገብ አትቀመጥ፤ ትምህርት ቤት ግን ትግባ። እጇንም ለሐኪሙ ያሳዩት፤ በቃጠሎ የተኮማተሩ ጣቶች በቀዶ ሕክምና የሚላቀቁበት ጊዜ አለ።