የቬትናም እድገት ለምን ሳይቋረጥ ዘለቀ?

ጥያቄ፦ ቬትናም በ1980ዎቹ ሕዝቧን መመገብ ያቃታት አገር ነበረች። ዛሬ ሩዝና ቡና ለዓለም ትሸጣለች። የማሻሻያው መነሻ ምን ነበር? እድገቱስ እንዴት ይህን ያህል ዘለቀ? (የምጣኔ ሀብት ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መነሻው ገበሬው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ዶይ ሞይ»፣ በእኛ ቋንቋ «እድሳት» እንበለው፣ በ1986 መጨረሻ በገዢው ፓርቲ ጉባኤ ሲወሰን የዋጋ ንረቱ ከ700 በመቶ አልፎ ነበር። በ1988 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 10 የኅብረት እርሻውን መሬት ለየቤተሰቡ ከ10 እስከ 15 ዓመት በኮንትራት ሰጠ። ገበሬው የተዋዋለውን ካስረከበ በኋላ የተረፈውን በገበያ ዋጋ መሸጥ ቻለ። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ 1.4 ሚሊዮን ቶን ያህል ሩዝ ወደ ውጭ ላከች።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ከባዱ እርምጃ ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1989 መንግሥት አብዛኛውን የዋጋ ቁጥጥር አነሳ፣ የተለያዩትን የምንዛሪ ተመኖች አንድ አደረገ፣ የቁጠባ ወለድንም ከዋጋ ንረቱ በላይ አወጣው። ዋናው ይህ የወለዱ ጉዳይ ነው። ወለድ ከንረት ካነሰ ሰው ገንዘቡን ባንክ አያቆይም፤ ወርቅ ይገዛበታል፣ እህል ያከማችበታል። በዚህ ላይ ዋጋ ቢለቀቅ ንረቱ ይብሳል እንጂ አይረግብም። በ1988 ከ300 በመቶ በላይ የነበረው ንረት በዓመቱ ወደ ሁለት አሃዝ ወረደ። ነገር ግን ከሳሪ የመንግሥት ድርጅቶችን በባንክ ብድር መደገፍ ስላልቆመ በ1990 እና በ1991 እንደገና ወደ 67 በመቶ አሻቀበ። የረጋው የበጀት ጉድለትን ገንዘብ እያተሙ መሸፈን ሲቀር ነው።

እድገቱ የዘለቀው ማሻሻያው በአንድ ዙር ስላላበቃ ነው። የ1993ቱ የመሬት ሕግ የመጠቀም መብትን ማከራየት፣ ማውረስና ለብድር ማስያዝ ፈቀደ። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቶች ሕግ ከ100 በላይ የፈቃድ ዓይነቶችን ሰረዘ። ከአሜሪካ ጋር ተፈርሞ በ2001 ሥራ ላይ የዋለው የንግድ ስምምነት ደግሞ ለልብስና ለጫማ ፋብሪካዎች ገበያ ከፈተ።

ጥያቄ፦ ስህተትስ አልሠራችም? (ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሠርታለች፤ ሊታወቅ የሚገባውም ይኸው ነው። በ2007 የዓለም ንግድ ድርጅትን ስትቀላቀል የውጭ ገንዘብ ጎረፈ። ማዕከላዊ ባንኩ የአገሪቱ ገንዘብ ዶንግ እንዳይጠነክር ዶላሩን እየገዛ ዶንግ ወደ ገበያው ለቀቀ። የባንክ ብድር በዚያው ዓመት ከ50 በመቶ በላይ አደገ፣ በ2008 ንረቱ 23 በመቶ ገደማ ደረሰ። ለመንግሥት ድርጅቶች ለሚሰጠው ብድር አስቀድሞ ጥብቅ ጣሪያ ሊበጅለት ይገባ ነበር። የመንግሥቱ መርከብ ሠሪ ቪናሺን ከሙያው ውጭ ባሉ ንግዶች ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ በ2010 መጨረሻ የ600 ሚሊዮን ዶላር ብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ መፈጸም አቃተው።