ለምታስታምሙ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ሲስተር፣ እናቴ ካንሰር እንዳለባት ልንገራት ወይስ ልደብቃት?» ብላ ጠየቀችኝ። «መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት» አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቆየ ቁጭቴን ነው የነካችብኝ።

ያኔ ተኝተው በሚታከሙ ሴቶች ክፍል ነርስ ነበርኩ። አንዲት እናት ከነልጃቸው ከጎጃም መጡ። የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበርና ወረፋ እየጠበቁ እኛ ጋ ተኙ። ልጅቱ ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። ወንድሞቿ ብር ይልካሉ፤ ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ የምትተኛው ግን እሷ ናት።

ገና በመጡበት ቀን ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «በማርያም፣ ቁስለት ነው፣ ይድናል በሉልኝ። ካወቀች ትሞትብኛለች» አለችኝ። ከቀናት በኋላ ደግሞ አንሶላ ስቀይር እናትየዋ እጄን ጨበጥ አደረጉ። «ልጄ፣ በሽታዬን አውቀዋለሁ። እህቴንም የገደላት ይኸው ነው። ለልጅቱ ግን አደራ እንዳትነግሪብኝ፤ ልቧ ይሰበራል» አሉኝ።

ሁለቱም አደራ አሉኝ፣ የሁለቱንም አደራ ጠበቅሁ።

ልጅቱ ደረጃው ላይ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ፣ እየሳቀች ትገባለች። አጥሚት በፔርሙስ ታመጣለች። እናትየዋ ደስ እንዲላት ብለው ይጎነጫሉ፤ ልጅቱ ኩባያውን ልታጥብ ስትወጣ አፋቸው ውስጥ የቀረውን መሐረብ ላይ ይተፉታል። መሐረቡን ትራሳቸው ሥር ይሸጉጡና ስትመለስ «ጣፈጠኝ» ይሏታል።

እናትየዋ ንስሐ አባታቸውን ይፈልጉ ነበር፤ ካስጠሯቸው ልጅቱ ማወቃቸውን ትጠረጥራለች። ልጅቱም ልታስጠራላቸው ትፈልጋለች፤ ቄስ ካዩ መሞቴ ነው ይላሉ ብላ ትፈራለች። ቄሱ ሲመጡ እናትየዋ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። ኑዛዜም የለም፣ «ደህና ሁኚ»ም የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕመማቸውም ሌላ ነበር። ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያድራሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ ስልጠና ላይ ስለ ሲስሊ ሳንደርስ ሰማሁ። መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላ ሐኪም የሆነች እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ከፈተች፤ ሆስፒስ ማለት የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመማቸው እየተስታገሰ የሚታገዙበት ነው። ማስታገሻ በሽተኛው እስኪጮህ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ ብላ አስተማረች። ይህን ስሰማ እኚያ እናት ፊቴ ድቅን አሉብኝ። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያ ተቋቁሞ ቤት ለቤት መጎብኘት ጀመረ። ለእሳቸው ግን አልደረሰም።

እናንተ ደግሞ ከሐኪሙ በፊት ጉግልን ትጠይቃላችሁ፤ ያነበባችሁትንም በሽተኛው አጠገብ ታወራላችሁ። አልጋ ላይ የወደቀች እናት ቲክቶክ ላይ ሳይ ደሜ ይፈላል። ማን ፈቀደላችሁ? ግን ደግሞ በዚያው ቪዲዮ ገንዘብ ተሰብስቦለት ውጭ ሄዶ የታከመ አውቃለሁ። ምን ልበል? ቢያንስ ፈቃዷን ጠይቁ።

ሐኪሙ ፈሳሽ ሞርፊን ካዘዘ «ሱስ ያስይዛታል» ብላችሁ አትደብቁት። በየአራት ሰዓቱ ከተባለ በየአራት ሰዓቱ ስጧት። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝላት ጠይቁ። ይህን ባለማወቅ ሞርፊኑን ያቆሙ ስንት ቤተሰቦች አይቻለሁ።

ስለ መንገሩም፣ «ሐኪሙ ምን አለሽ? አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ማወቅ የምትፈልግ ራሷ ትጠይቃችኋለች፤ ወሬ ከቀየረች ተዉአት፣ ሌላ ቀን አለ። ንስሐ አባት ወይም ሼህ መጥራት ግን ለነገ አይባልም።

ብር የምትልኩ ወንድሞች፣ አዳሩንም ተካፈሉ። አስታማሚዋ እህታችሁ ሰው ናት፤ ወገቧ ይቆረጣል፣ ትታመማለች። አንቺም ልጄ፣ ብርቱካን ይዞ የመጣውን ጠያቂ «ሁለት ሰዓት ተቀመጥልኝ» በይውና ሄደሽ ገላሽን ታጥበሽ ተኚ።