ሐዋሳ ውስጥ ትምህርት ቤት መምረጥ፦ ከዳቶ ፒያሳ ድረስ ወይስ ሰፈር ያለው?

ለ9ኛ ክፍል ልጅሽ፣ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ስመ ጥሩን የፒያሳውን ትተሽ የሰፈርሽን ያዢ። መንገዱን ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለኪው፤ ቅዳሜ የለካሽው ያታልላል። የባጃጅ ጥበቃውንም ቁጠሪ። የወሩን የባጃጅ ኮንትራት ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ጋር ደምረሽ አወዳድሪ።

የትምህርት ቤቱን ጠባይ ቢሮ ውስጥ አታገኚውም። በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቁሚ፤ የተማሪ ደብተር ታርሞ እንደሆነ እዪ፤ ባለፈው ዓመት በመሃል የለቀቁ መምህራን ስንት እንደሆኑ ጠይቂ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነግሩሽ ትልቁን ነጥብ ተዪው (ባነር ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው)፤ ስንት ተፈትነው ስንቱ 50 በመቶ እንዳመጡ ይንገሩሽ።

አንድ ነገር፦ ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጅ ይጠፋል። ኮንትራት ስትይዢ የሚተካው ማን እንደሆነ አስቀድመሽ ተነጋገሪ።